ለቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ትልቅ ሃርድ ዲስክ፦ ከመግዛት በፊት ምን ከምን ይመዘናል?

ከ2004 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የተሠሩ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ዛሬም በብዙ ቢሮዎች፣ በፎቶ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች ሥራ ላይ ይገኛሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመያዝ ወይም ፎቶ ለማስተካከል አቅማቸው ገና አላለቀም፤ ቀድሞ የሚያልቀው የፋይል ማስቀመጫ ቦታቸው ነው። አብሯቸው የመጣው ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ 80፣ 160 ወይም 250 ጊጋባይት ሲሆን፣ የአንድ ሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ብቻውን ዛሬ ከ100 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ኮምፒውተር መሸጫ ሄዶ «ትልቁ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም 4 ወይም 8 ቴራባይት አውጥቶ ያሳየዋል። ዲስኩ ግን ቤት ደርሶ ሲሰካ ወይ ጭራሽ አይታይም፣ ወይ ከሩብ ብዙም ሳይበልጥ ይታያል፣ አለዚያም ደህና ሲሠራ ከርሞ አንድ ቀን የተጻፈበትን ሁሉ ያበላሻል።

ለዚህ ነው ከዲስኩ መጠን በፊት ማሽኑ እስከ ምን ድረስ ማንበብ እንደሚችል ማወቅ የሚያስፈልገው። የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ለመናገር፣ ሳታ የሚባለው ቀጭን የዲስክ ኬብል ላለውና በቀድሞው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ሠርቶ ዊንዶውሱን በሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ለሚነሣ ማሽን ከሁሉ የሚበጀው ዊንዶውሱን የሚይዝ አነስተኛ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከ2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ጋር ማጣመር ነው። ከ2 ቴራባይት በላይ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቴራባይት የራሱን ቅድመ ሁኔታ ይዞ ይመጣል፣ ቅድመ ሁኔታውን ሳያውቅ የገዛም ሰው የሚከፍለው በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በፋይሎቹ ነው።

ኬዙን ከፍቶ ማየት

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ የኃይል ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ፣ የጎን ክዳኑን በካቻቢቴ መፍታት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከሻጭ ጋር ከመነጋገር በፊት ይህን ማድረግ ብዙ ስሕተት ያስቀራል። ከሃርድ ዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ገመድ ሦስት ጣት የሚሰፋ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማሽኑ አይዲኢ የሚባለውን የቀድሞ አሠራር ይጠቀማል ማለት ነው። ገመዱ ከአንድ ጣት የጠበበ ከሆነ ግን ሳታ ነው፤ ሳታ መምጣት የጀመረው በ2003 ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አይዲኢን ተክቷል። በመሸጋገሪያው ዘመን የተሠሩ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ሁለቱም መሰኪያዎች ስላሏቸው፣ ያለውን ገመድ ብቻ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የቀረውንም መሰኪያ ማየት ይገባል። ክዳኑ እንደተከፈተ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም መቁጠር ነው፦ ከፓወር ሰፕላይ የሚወጡ ያልተያዙ የሳታ ኃይል ገመዶችንና ዲስክ የሚቀመጥባቸውን ባዶ ቦታዎች። አነስተኛ ኬዝ ያላቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ይህም ምርጫውን ገና ከጅምሩ ያጠብበዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ማሽኑ የሚነሣው በቀድሞው ባዮስ ነው ወይስ ባዮስን በተካው በዩኢኤፍአይ የሚለው ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ከፍቶ «ባዮስ ሞድ» በሚለው መስመር ላይ «ሌጋሲ» የሚል ከተገኘ፣ ዊንዶውሱ የተጫነው በቀድሞው መንገድ ነው። ዩኢኤፍአይ ያለው ማሽንም በሌጋሲ ሊጫን ስለሚችል፣ ለማረጋገጥ የማዘርቦርዱን ማኑዋል ማየት ይመረጣል። በኮር 2 ዱዎ ዘመን የተሠሩ ማሽኖች፣ ለምሳሌ በየቢሮው የሚታየው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780፣ ሳታ አላቸው፤ የሚነሡት ግን በቀድሞው ባዮስ ነው። ይህ መመሪያ ይበልጥ የሚያተኩረው በእነርሱ ላይ ነው።

137 ጊጋባይት እና 2.2 ቴራባይት

ሃርድ ዲስክ ዳታን የሚያስቀምጠው እያንዳንዳቸው 512 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሴክተር የሚጠራው በቁጥሩ ነው። የቀድሞው አሠራር ለዚህ ቁጥር የመደበው 28 ቢት ብቻ ስለነበረ፣ ሊቆጠሩ የሚችሉት ሴክተሮች 268,435,456 ነበሩ፤ ይህ በ512 ሲባዛ 137 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በ2002 በወጣው ደረጃ ቁጥሩ ወደ 48 ቢት በማደጉ ችግሩ ቢፈታም፣ ባዮሱም ዊንዶውሱም አዲሱን አቆጣጠር ማወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ኤክስፒ አያውቀውም ነበር፤ ያወቀው በዚያው በ2002 በወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 በሚባለው የማሻሻያ ጥቅል ነው።

ይህ ተራ የቴክኒክ ዝርዝር ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱን በዓይኔ ስላየሁ ግን ሳልናገረው አላልፍም። አንድ ፎቶ ቤት 250 ጊጋባይት ዲስክ ገዝቶ፣ አዲስ በነበረ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን ፎርማት አስደርጎ፣ ሰርቪስ ፓክ ባልተጫነበት ኤክስፒ ማሽን ላይ ገጠመው። ዲስኩ በሙሉ መጠኑ ታየ፣ ለወራትም ያለ እንከን ሠራ። የተጻፈው ዳታ 137 ጊጋባይት ካለፈ በኋላ ግን፣ የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ሲሞላ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ሁሉ፣ የሴክተሩ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ዞረና አዲሶቹ ፎቶዎች የዲስኩ ማውጫ በተጻፈበት ቦታ ላይ ተደርበው ተጻፉ። በማግስቱ ጠዋት ዊንዶውሱ ዲስኩን «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ። ከመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ጋር ከሦስት ቀን ትግል በኋላ የተመለሱት ስማቸውን ያጡ፣ ግማሾቹም ከወገባቸው በታች ግራጫ የሆኑ ፎቶዎች ነበሩ። ስለዚህ ከ2003 በፊት የተሠራ ማሽን ወይም ያልታደሰ ኤክስፒ ያለው ሰው ዲስኩ በሙሉ መጠኑ ስለታየ ብቻ ተሳክቷል ብሎ ማመን የለበትም።

ሁለተኛው ጣሪያ የዲስኩ ክፍፍል የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ነው። ኤምቢአር የሚባለው የቀድሞ ሰንጠረዥ የሴክተር ቁጥርን በ32 ቢት ስለሚመዘግብ፣ ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ ሊጠቅስ አይችልም። ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ሰንጠረዥ ይህ ገደብ የለበትም፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ከጂፒቲ ዲስክ ላይ የሚነሣው ማሽኑ ዩኢኤፍአይ ካለው ብቻ ነው፣ ዊንዶውሱም በአብዛኛው ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። ከዚህ የሚከተለው ልዩነት ለምርጫው ወሳኝ ነው፦ ባዮስ ያለው ማሽን 4 ቴራባይት ዲስክን ዊንዶውስ ሊያነሣበት ባይችልም፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያሉት ዊንዶውሶች ለፋይል ማስቀመጫ በሁለተኛ ዲስክነት ያለ ችግር ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ግን ጂፒቲን ፈጽሞ አያነብም። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ግሩብ በሚባለው ማስነሻ አማካይነት ከባዮስ ማሽን ላይም ጂፒቲ ዲስክን ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ በዚህ ረገድ ሰፋ ያለ ነፃነት አላቸው።

አንድ የሚያሳስት ምልክት እዚህ ላይ ልጥቀስ። 3 ቴራባይት ዲስክ ተሰክቶ ዊንዶውስ 746 ጊጋባይት ብቻ ቢያሳይ፣ ዲስኩ ሐሰተኛ ነው ብሎ ወደ ሻጭ ከመሮጥ በፊት የኢንቴል ስቶሬጅ ድራይቨር (ዲስኩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ማርጀቱን ማጣራት ይገባል፤ አሮጌው ድራይቨር የመጀመሪያውን 2.2 ቴራባይት ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን ብቻ ያሳያል። ድራይቨሩ ሳይታደስ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ነገር መጻፍ አይገባም። በሌላ በኩል 1 ቴራባይት ዲስክ 931 ጊጋባይት፣ 2 ቴራባይቱ ደግሞ 1.81 ቴራባይት ሆኖ መታየቱ ጉድለት አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

የመጀመሪያው አማራጭ አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ በአንድ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ መተካት ነው። አንድ የዲስክ ቦታ ብቻ ላለው ኬዝ፣ እንዲሁም ወጪውን ዝቅ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ መጠኑ ከኤምቢአር ጣሪያ በታች ስለሆነ ዊንዶውሱ እንደ ቀድሞው ይነሣል፣ ድራይቨር መፈለግም አያሻም። ጉድለቱ ማሽኑ ከነበረበት ፍጥነት ብዙም የማይሻሻል መሆኑና፣ ዊንዶውሱም ዳታውም በአንድ ዲስክ ላይ በመሆናቸው ዲስኩ የተበላሸ ቀን ሁለቱም አብረው የሚሄዱ መሆናቸው ነው።

ሁለተኛው፣ እኔም ደጋግሜ የምመክረው፣ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች፣ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለፋይሎች መግጠም ነው። ምክንያቱን ለማየት በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ የሚሠራውን ማሰብ ይበቃል፦ አንድ ዙር ለመዞር ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ የሚያነብበው ጭንቅላት ትክክለኛው መስመር ላይ ለመድረስና የሚፈለገው ሴክተር እስኪዞር ለመጠበቅ በአማካይ ከ10 ሚሊሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ያልፋል። ኤስኤስዲ የሚዞር አካል ስለሌለው ይህን ጥበቃ ከአንድ ሚሊሰከንድ ክፋይ በታች ያወርደዋል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ፣ ልዩነቱ እነዚያ ሁሉ ጥበቃዎች ሲደመሩ የሚታይ ነው። የቆየው ማሽን ሳታ በሰከንድ 3 ጊጋቢት ብቻ መሆኑ የኤስኤስዲውን ፍጥነት በሰከንድ ወደ 270 ሜጋባይት ገደማ ይገድበዋል፤ ሰውየው በየቀኑ የሚሰማው ግን የጥበቃው ማጠር ስለሆነ፣ «ማሽኔ አሮጌ ነው፣ ኤስኤስዲ አይጠቅመውም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። መሰኪያ ካነሰ የዲቪዲ ማጫወቻውን ገመድ መውሰድ ይቻላል፤ ኤስኤስዲው ቀላልና የማይንቀጠቀጥ ስለሆነ መያዣ ባይኖረውም በጠንካራ ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ ከኬዙ ግድግዳ ጋር ቢያያዝ ምንም አይሆንም። ጥንቃቄ የሚያሻው በባዮሱ ውስጥ የሳታውን አሠራር ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አዲሱ ዓይነት መቀየር ላይ ነው፤ ይህ መደረግ ያለበት ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ነው፣ ከተጫነ በኋላ ያለ ዝግጅት ከተቀየረ ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። እንዲሁም ኤስኤስዲን በጤና የሚያቆየውን ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ የሚያውቁት ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያሉት ናቸው፤ ስለዚህ ኤክስፒን በኤስኤስዲ ላይ መጫን አልመክርም።

ሦስተኛው አማራጭ 4፣ 6 ወይም 8 ቴራባይት ዲስክን በሁለተኛ ዲስክነት መግጠም ነው። ቪዲዮ ለሚሠራና የብዙ ዓመት ሥራ ለሚያከማች ሰው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከጂፒቲው ጉዳይ ሌላ ሁለት የአካል ችግሮች ይገጥሙታል። ከትልልቆቹ ዲስኮች ብዙዎቹ በጎናቸው መካከል ይገኝ የነበረው የብሎን ቀዳዳ የላቸውም፤ የአሮጌው ኬዝ መያዣ በዚያ ቀዳዳ የሚጠቀም ከሆነ ዲስኩ በአግባቡ አይታሰርም። ሌላው ብዙ ሰው ያላወቀው ነው፦ በ2016 በወጣው የሳታ 3.3 ደረጃ መሠረት ከኃይል መሰኪያው ፒኖች ሦስተኛዋ ዲስኩን ለማጥፋት እንድታገለግል ተደርጋለች። በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ያቺ ፒን 3.3 ቮልት ታመጣለች፤ ዲስኩም «ጥፋ» የተባለ ስለሚመስለው ጨርሶ አይዞርም፣ የሞተም ይመስላል። ይህ የሚያጋጥመው በተለይ ለሰርቨር የተሠሩና ከኤክስተርናል ሣጥን የተፈቱ ዲስኮችን የገዛውን ሰው ነው። መፍትሔው 3.3 ቮልት ከማይሸከመው ባለ አራት ፒን የሞሌክስ ገመድ በማስተላለፊያ ኃይል መስጠት ነው፤ ማስተላለፊያው ግን ሽቦዎቹ በፕላስቲክ ቀልጠው የተደፈኑበት ዓይነት ከሆነ በውስጡ ሊነካኩና እሳት ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻው የተቆነጠጠበትን መምረጥ ያስፈልጋል።

አራተኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ኬዝ መክፈት አያስፈልገውም፣ ወደ ሌላ ማሽን ይወሰዳል፣ ለመጠባበቂያ ቅጂም ከሁሉ የተመቸ ነው። ለዕለት ሥራ ግን የቆየው ማሽን ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ያለው መሆኑ ያዳክመዋል፤ በተግባር የሚገኘው ፍጥነት በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ስለሆነ፣ 1 ቴራባይት ለመገልበጥ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንዳንድ የኤክስተርናል ሣጥኖች ደግሞ ትልቁን ዲስክ ለኤክስፒ እንዲታይ ለማድረግ ሴክተሩን 4096 ባይት አስመስለው ያቀርባሉ፤ እንዲህ ያለው ዲስክ ከሣጥኑ ወጥቶ በቀጥታ በሳታ ከተሰካ ባዶ መስሎ ይታያል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ወደዚያው ሣጥን ሲመለስ ይገኛሉ፤ ባለቤቱ ግን ይህን ሳያውቅ ፎርማት ካደረገው የሚያጣቸው በገዛ እጁ ነው።

አይዲኢ ብቻ ያለው ማሽንን በተመለከተ ነገሩን አላረዝመውም። ፒሲአይ በሚባለው የማዘርቦርዱ የካርድ መሰኪያ ላይ የሚሰካ የሳታ ካርድ ወይም ከአይዲኢ ወደ ሳታ የሚቀይር ትንሽ ሰሌዳ ይገኛል፤ የራሱ ባዮስ ያለው ካርድ የ137 ጊጋባይቱን የባዮስ ጣሪያ ሊያልፍም ይችላል። ነገር ግን መደበኛው ፒሲአይ በሰከንድ 133 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ እርሱንም ለሌሎች ካርዶች ያካፍላል። በዚያ ማሽን ላይ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ ከሌለ በቀር፣ ገንዘቡን ሳታ ወዳለው ያገለገለ ኮምፒውተር ማዞር የበለጠ ይጠቅማል።

በመጠን እኩል፣ በአሠራር የተለያዩ

ሁለት 2 ቴራባይት ዲስኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ዋጋው ቀነስ ቢል፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በአጻጻፍ ዘዴ ላይ ነው። ሲኤምአር የሚባለው ዘዴ የዳታ መስመሮችን ለየብቻ ያስቀምጣል። ኤስኤምአር ደግሞ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ እንደሚነባበር መስመሮቹን አነባብሮ ይጽፋል፤ ከሥር ያለውን አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር በላዩ ያሉትን ማንሣት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ዲስኩም አንድ ፋይል ለመለወጥ አጠገቡ ያሉትን መስመሮች እንደገና መጻፍ አለበት። በመሆኑም ረጅም ቅጂ ሲደረግበት ጥሩ ጀምሮ በመካከል እጅግ ሊዘገይ ይችላል። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ ይህን ዘዴ በገለጻቸው ላይ በግልጽ ሳያሳዩ በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው መጠቀማቸውን አረጋግጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሞዴል ቁጥሩን ይዞ በአምራቹ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል። ለተቀመጠ ፎቶና ለፊልም ኤስኤምአር ይበቃል፤ በየቀኑ የሚለወጥ ሥራ ላለበት ግን ሲኤምአሩን ልበል። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረውን ከ7200ው ጋር ማወዳደር ከዚህ ያነሰ ጥቅም አለው፤ ኤስኤስዲ አብሮ ካለ፣ ዝግ ያለው፣ ሙቀቱና ድምፁ ያነሰው ዲስክ ለፋይል ማስቀመጫ ይሻላል።

ያገለገለ ዲስክ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩ ፊት ሰክቶ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ወይም በመሰል ፕሮግራም ጤንነቱን ሳያይ መክፈል የለበትም። የሚታዩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ የሠራበት ሰዓት፣ ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች ብዛት፣ መነበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ብዛት። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ያስመዘግባል፤ 40,000 ሰዓት የሚያሳየውን በቅናሽ ዋጋ ከመግዛት አነስ ያለ አዲስ መግዛት ይመረጣል። የኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች ከዜሮ ከበለጡ፣ በተለይም የሦስተኛው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።

ዳታውን ማዛወር

ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሞቹ ለማዛወር ክሎንዚላ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ አሮጌው ዲስክ የመበላሸት ምልክት ካሳየ ግን ያልተነበበውን ሴክተር እየዘለለ በኋላ የሚመለስበት ዲዲሬስኪው ይመረጣል፣ በደከመ ዲስክ ላይ ተራ ቅጂ መደጋገም ጉዳቱን ያፋጥነዋልና። ከኤክስፒ ዲስክ ላይ የሚያዛውር ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። ኤክስፒ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍል) የሚጀምረው ከ63ኛው ሴክተር ነው፤ የዛሬ ዲስኮች ግን በውስጣቸው ባለ 4096 ባይት ሴክተር ስለሚጠቀሙ፣ አጀማመሩ ከእነርሱ ጋር ሳይገጥም ይቀራል፣ ጽሑፉም ይዘገያል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አጀማመሩ 2048ኛው ሴክተር ላይ ስለሆነ ችግሩ የለም፤ ፓርቲሽኑን በአዲስ ዊንዶውስ ወይም ጂፓርትድ በሚባለው ፕሮግራም አስቀድሞ ፈጥሮ ፋይሎቹን ብቻ መገልበጥ ያስተካክለዋል።

ቅጂው ለሰዓታት ስለሚቆይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት፣ ካልተገኘም ሥራውን በክፍል በክፍሉ ማድረግ ያስፈልጋል። ፋይልን «ከት» አድርጎ ማዛወር ፈጽሞ አይገባም፤ «ኮፒ» ይደረጋል፣ አሮጌው እንዳለ ይቆያል። ቅጂው ሲያበቃ የሁለቱን ወገን የፋይል ብዛትና መጠን ማነጻጸር፣ ከተለያዩ ዓመታት አቃፊዎችም ጥቂት ጥቂት ፎቶና ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማየት ነው። ከዚያ አሮጌው ዲስክ በላዩ ምን እንዳለበትና የወጣበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበታል፣ አዲሱ በመጣበት ከረጢት ውስጥ ይገባና እርጥበት በሌለበት መሳቢያ ይቀመጣል፤ አዲሱ ዲስክ ቢያንስ ሁለት ወር ያለ ስሕተት እስኪሠራ ድረስ አሮጌው ፎርማት አይደረግም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም።